የደጋ ልማድ በቆላ ፀሐይ

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ሽሮ ሜዳ የደረሰ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በመንገዱ ዳርና ዳር በተሰቀለው የሀገር ባህል ልብስ ላይ ነው። ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ኩታው፣ ጋቢውና ቡሉኮው ተደርድሮ ገዢውን ይጠብቃል። ከተራራው ግርጌ የተቀመጠው ይህ ሰፈር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ጠዋትና ማታ ብርዱ ቆንጠጥ ያደርጋል። ስለዚህ የአካባቢው ነዋሪ የጤና ጠላቴ ነው ብሎ የሚጠነቀቀው ብርድን እንጂ ሙቀትን አይደለም። ሕፃን ሲያዝል በጋቢ ይጠቀልላል፤ የታመመ ሰው ላይ ብርድ ልብስ ይደርባል፤ ታክሲ ውስጥ ሲገባ «መስኮቱን ዝጉልኝ፣ ንፋስ እንዳይመታኝ» ይላል።

ይህ ልማድ ከአየር ንብረታችን የመጣ በመሆኑ የሚያስወቅስ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ሰውየው ቦታ ሲቀይር ወይም ወቅቱ ሲለወጥ ልማዱ አብሮት መሄዱ ነው። የሽሮ ሜዳ ሰው ለሥራ ወደ አዋሽ፣ ሰመራ፣ ጋምቤላ ወይም መተማ ይወርዳል። ባይወርድም ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ውሎ ያመሻል። በእነዚህ ጊዜያት ከብርድ የጠበቀው ልማድ ሰውነቱ ራሱን እንዳያቀዘቅዝ እንቅፋት ሊሆንበት ይችላል። የዛሬው ጽሑፋችን መልእክትም ይኸው ነው፦ ሙቀት ሲመጣ የብርዱን ልማድ ትተን ለሰውነታችን ውሃ፣ አየርና ጊዜ እንስጠው።

ሰውነት እንደ እንስራ

የሰው ልጅ ሰውነት ዘወትር የሚነድ ምድጃ ነው። ምንም ሳይሠራ የተቀመጠ ሰው እንኳ የበላውን ምግብ ወደ ኃይል ሲቀይር አንድ ባለ 100 ዋት አምፖል የሚሰጠውን ያህል ሙቀት ያመነጫል። ሸክም ሲሸከም፣ ሲቆፍር ወይም ዳገት ሲወጣ ይህ መጠን ብዙ እጥፍ ይጨምራል። ሙቀቱ መውጫ ካላገኘ በውስጥ ይጠራቀማል። ሰውነት ደግሞ በደህና የሚሠራው ውስጣዊ ሙቀቱ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቆይ ብቻ ነው።

ይህን ሚዛን የሚጠብቀው በአንጎል ውስጥ የሚገኘው ሃይፖታላመስ የተባለው ክፍል ነው። የደም ሙቀት ከፍ ማለቱን ሲረዳ ሁለት ትእዛዞችን ያስተላልፋል። የመጀመሪያው ከቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮች እንዲሰፉ ነው። በዚህ ጊዜ የሞቀው ደም ወደ ቆዳ ይጎርፋል፤ ፊታችን የሚቀላውም ለዚህ ነው። ልብም ደሙን ለማዳረስ በፍጥነት ትመታለች። ሁለተኛው ትእዛዝ የሚሄደው በቆዳችን ላይ ወደ ተሰራጩት ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሱ የላብ ዕጢዎች ነው።

ላብ እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ ለመረዳት በቤታችን ያለውን የሸክላ እንስራ ማየት ይበቃል። የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘው ከውስጡ ትንሽ ትንሽ ውሃ እየሰረገ በውጪው ገጽ ላይ ስለሚተን ነው። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ቆዳችንም እንደዚሁ ነው። 1 ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲተን ከ7 ሊትር በላይ የቧንቧ ውሃን ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ከሰውነት ይወስዳል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የሚያቀዘቅዘው ላቡ መውጣቱ ሳይሆን መትነኑ ነው። ተንጠባጥቦ መሬት ላይ የወደቀ ላብ ምንም አልጠቀመንም፤ ውሃና ጨው ብቻ ወስዶብናል። አየር የማያስገባ ልብስ፣ የተዘጋ መስኮትና እርጥበት የበዛበት አየር ላቡ እንዳይተን ያደርጋሉ። የአካባቢው ሙቀት ከቆዳችን ሙቀት ማለትም ከ35 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ደግሞ ደም ወደ ቆዳ መጉረፉ ብቻውን አያቀዘቅዝም። በዚያን ጊዜ የቀረን መከላከያ ላብ ብቻ ነው። በሙቀት ውስጥ መስኮት መዝጋትና ጋቢ መደረብ ታዲያ ይህንኑ አንድ የቀረ መከላከያ መንጠቅ ይሆናል።

ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል

ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር በቀነሰ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ6 ነጥብ 5 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ነው ያለችው። ስለዚህ ጠዋት በሽሮ ሜዳ ሹራብ ደርቦ የወጣ ሾፌር በአንድ ቀን ጉዞ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ፍጹም ሌላ አየር ውስጥ ይገባል። መኪናው በአንድ ቀን ያደርሰዋል፤ ሰውነቱ ግን በአንድ ቀን አይደርስም።

ሰውነት ከሙቀት ጋር ለመላመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል። በእነዚህ ቀናት በደም ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይጨምራል፤ ላብ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፤ መጠኑም ይበዛል። ከላቡ ጋር የሚወጣው ጨው ይቀንሳል። ልብም በተመሳሳይ ሥራ ላይ እንደ መጀመሪያው ቀን አትጣደፍም። በአጭሩ ሰውየው ያው ቢሆንም የማቀዝቀዝ ችሎታው ተለውጧል። ይህ ለውጥ ግን ዘላቂ አይደለም። ወደ ደጋ ተመልሶ ጥቂት ሳምንታት የቆየ ሰው የተላመደውን ያጣዋል። ስለዚህ «አምናም ሄጄ ነበር፣ አውቀዋለሁ» ማለት አያዋጣም። ሰውየው ቦታውን ያውቀዋል፤ ሰውነቱ ግን ረስቶታል።

አደጋው በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደሚያይል በሥራ ቦታ ደህንነት ላይ የሚሠሩ ተቋማት ደጋግመው አሳይተዋል። በአሜሪካ ከቤት ውጪ በሚሠሩ ሥራዎች ላይ በሙቀት ከሞቱ ሠራተኞች ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት የሞቱት ሙቀት ውስጥ መሥራት በጀመሩባቸው ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። በዚህም ምክንያት የዚያ ሀገር የሥራ ደህንነት ተቋማት አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ከመደበኛው የሥራ ጊዜ 20 በመቶውን ብቻ ሙቀት ውስጥ እንዲሠራ፣ ከዚያም በየቀኑ ከ20 በመቶ ያልበለጠ እየተጨመረለት እንዲሄድ ይመክራሉ። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚሉት ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል።

የሞቃት ሀገር ሰው ሙቀትን የሚቋቋመው ከእኛ የተለየ ሰው ስለሆነ አይደለም። ሰውነቱ ስለተላመደና አኗኗሩንም ለሙቀቱ ስላስማማው ነው። በአፋር ክልል የሚገኘው ዳሎል እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1960ዎቹ በተደረገ ልኬት ዓመታዊ አማካይ ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። የአፋር አርብቶ አደር በሰሌን የሚሸፍነው ጎጆ አየር ያሳልፋል። በተቃራኒው የቀዝቃዛ ሀገር ሰው ሳይዘጋጅ ሙቀት ሲመጣበት ምን እንደሚሆን ዓለም በ2003 አይቷል። በዚያ ዓመት በጋ አውሮፓን በመታው የሙቀት ማዕበል ከ70 ሺህ በላይ ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ አረጋውያን ሲሆኑ ብርድን ለመከላከል በተሠሩ ቤቶች ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩም ጥቂት አይደሉም። በ2024 የሐጅ ሥነ ሥርዓት ወቅትም በመካ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ በላይ በደረሰበት ጊዜ ከ1 ሺህ 300 በላይ ምዕመናን ሕይወታቸው ማለፉን የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት አስታውቋል። አብዛኞቹ ያለ ፈቃድ የገቡና ያለ መጠለያ ረጅም መንገድ በፀሐይ የተጓዙ ነበሩ።

እኛም ዘንድ በየዓመቱ ከደጋው የሰሊጥ አረምና አጨዳ ለመሥራት ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው ወጣት ብዙ ነው። አብዛኛው የሚከፈለው በሠራው ልክ በመሆኑ በመጀመሪያው ቀን አቅሙን አሟጦ መሥራት ይፈልጋል። ቀጣሪ ባለሀብቶችና የጉልበት ሠራተኛ የሚያስተባብሩ ሰዎች የመጀመሪያውን ሳምንት ሥራ ማቅለል፣ ጥላና ንጹሕ ውሃ በአቅራቢያ ማዘጋጀት፣ የቀትሩን ሰዓት ለዕረፍት መተው ይጠበቅባቸዋል። ይህ ለሠራተኛው የሚደረግ ችሮታ አይደለም፤ ሕይወቱን የሚጠብቅ ግዴታ ነው።

በሽሮ ሜዳም ሙቀት አለ

ወደ ቆላ የማይወርደው አንባቢያችን «ታዲያ እኔን ምን ያገባኛል?» ይል ይሆናል። ያገባዋል። የፋሲካ በዓል ሲቃረብ የሽሮ ሜዳ ገበያ ይደራል፤ ሸማኔውም ከጠዋት እስከ ማታ ከመወርወሪያው አይለይም። ወቅቱ የአዲስ አበባ ፀሐይ የምትበረታበት ነው። በጠባብ ክፍል፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መስኮት ተዘግቶ ሲሠራ የክፍሉ ሙቀት ከውጪው በእጅጉ ይበልጣል። በዚያ ላይ ወቅቱ የዐቢይ ጾም ነው። ጿሚው እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ ውሃ ሳይቀምስ ይውላል። የረመዳን ጾምም በዚሁ ሞቃት ወቅት ላይ የሚውልባቸው ዓመታት አሉ።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። መስኮትና በር ፊት ለፊት ተከፍቶ አየር ቢያልፍ፣ ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ቢሠራ፣ ከባዱ ሥራ ለጠዋቱ ቢደረግ ልዩነቱ ይታወቃል። ጿሚ ከሆኑ ፆም ከፈቱበት ሰዓት ጀምሮ እስከ መኝታ ድረስ ውሃውን በየጊዜው ከፋፍለው ይጠጡ እንጂ በአንድ ጊዜ ሆድዎን አይሙሉት። አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የስኳርና የኩላሊት ሕሙማን ከሐኪማቸው ጋር፣ እንዲሁም ከንስሐ አባታቸው ወይም ከሃይማኖት አባታቸው ጋር ቢመካከሩ መልካም ነው።

ከእንጦጦ ጫካ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችም በዚህ ርዕስ መታወስ አለባቸው። አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ከባድ ሸክም የተሸከመ ሰውነት ብዙ ሙቀት ያመነጫል። በበጋው ደረቅ አየር ላብ ወዲያው ስለሚተን ሰው ማላቡን እንኳ ሳያውቅ ብዙ ፈሳሽ ያጣል። የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረርም ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር ከ10 በመቶ በላይ ይጨምራል። ነፋሱ ቀዝቀዝ ስላለ ብቻ ፀሐይ አትጎዳም ማለት አይደለም። ሰፊ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ ወይም በራስ ላይ ጣል የተደረገ ነጠላ ይረዳል።

ስለ ልብስ ከተነሳ፣ ለሙቀት የሚስማማው ልብስም እዚሁ ሽሮ ሜዳ ይገኛል። ከጥጥ የተሠራ፣ ሰፋ ያለ፣ ነጭና ስስ ልብስ አየር ያስገባል፤ ላብን ይመጣል፤ ፀሐይንም ይመልሳል። ወደ ቆላ ሲሄዱ በአራት እጥፍ የተሠራውን ጋቢ ለሌሊት ጉዞ ያቆዩትና ቀን ስሱን ነጠላ ይጠቀሙ። የታዘለ ሕፃንም እንዲሁ ነው። ሕፃን እንደ አዋቂ ራሱን ማቀዝቀዝ አይችልም፤ ሞቀኝ ብሎም አይናገርም። በሙቀት ጊዜ ከእናቱ ጀርባ ጋር ተጣብቆ በወፍራም ጨርቅ መሸፈን የለበትም። በቆመና በተዘጋ መኪና ውስጥ ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ብቻውን አይተዉት።

ውሃውን እንዴት እንጠጣ?

ውሃ ጥም የሚሰማን ሰውነት ፈሳሽ ማጣት ከጀመረ በኋላ ነው። ሙቀት ውስጥ የሚሠራ ሰው በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ያህል ውሃ ቢጠጣ ይመከራል። ነገር ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ1 ሊትር ተኩል በላይ መጠጣት ጥሩ አይደለም። ከመጠን ያለፈ ውሃ ብቻውን ሲገባ በደም ውስጥ ያለውን ጨው አቅጥኖ ራሱ ለአደጋ ያጋልጣል። ብዙ ሰዓት ላብ ያጠመቀው ሰው ከውሃው ጋር ምግብ መብላት ወይም በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ ኦ.አር.ኤስ. መውሰድ ይችላል። ኦ.አር.ኤስ. ካልተገኘ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም በልክ ተሰፍረው፣ መበጥበጥ ይቻላል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ያለ ሐኪም ምክር ጨው አይጨምር።

በቂ መጠጣትዎን የሚያውቁት በሽንትዎ ቀለም ነው። እንደ ገለባ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ መልካም ነው፤ ከጠቆረና ካነሰ ይጨምሩ። ቢራ፣ ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ለሙቀት መድኃኒት አይደሉም። አልኮል ፈሳሽ ያስወጣል፤ አደጋን የመገንዘብ ችሎታንም ይቀንሳል። ጫትም የልብ ምትንና የሰውነት ሙቀትን ከፍ ያደርጋል። ሽንት የሚያሸኑ የደም ግፊት መድኃኒቶችንና አንዳንድ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሰዎች ለሙቀት ይበልጥ የተጋለጡ ስለሆኑ ወደ ቆላ ከመውረዳቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አይገባም።

«ምች ነው» ከማለታችን በፊት

ሰው ፀሐይ ላይ ውሎ ሲታመም በእኛ ዘንድ ቶሎ የሚሰጠው ስም «ምች» ነው። ዳማከሴ ተጨምቆ ይቀባል፤ ሕመምተኛው «ላብ ያውጣለት» ተብሎ በጋቢ ይሸፈናል። ዳማከሴው ባይከፋም፣ ሙቀት የመታውን ሰው በጋቢ መሸፈን ግን ሊገድለው ይችላል።

ምልክቶቹን እንለያቸው። የጡንቻ መሸማቀቅ፣ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብዙ ላብና ድካም ሰውነት መዛሉን የሚናገሩ ናቸው። ሰውየውን ጥላ ሥር አስተኝቶ፣ እግሩን ከፍ አድርጎ፣ ልብሱን አላልቶ፣ ቀስ በቀስ ውሃ ማጠጣት ያስፈልጋል። በ1 ሰዓት ውስጥ ካልተሻለው ወይም እየባሰው ከሄደ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ሰውየው ከቀባዠረ፣ ያለበትን ካላወቀ፣ ከተንዘፈዘፈ ወይም ራሱን ከሳተና ገላው እንደ እሳት ከፈጀ ጉዳዩ ሌላ ነው። ይህ ሐኪሞች ሂት ስትሮክ የሚሉት ሲሆን የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ የማቀዝቀዣው ሥርዓት መሸነፉን ያሳያል። ቆዳው ደረቅም ላብ ያለበትም ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ አንጎል፣ ኩላሊትና ጉበት በደቂቃዎች ውስጥ መጎዳት ይጀምራሉ። ፓራሲታሞል እዚህ አይሠራም። በበሽታ በሚመጣ ትኩሳት ሙቀቱን ከፍ ያደረገው አንጎል ራሱ ስለሆነ መድኃኒቱ ያወርደዋል፤ በሙቀት ምት ግን ሙቀቱ የተጠራቀመው መውጫ አጥቶ ነው። መድኃኒቱ ማቀዝቀዝ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወዲያውኑ ጥላ ሥር ያስገቡት፤ ልብሱን ያውልቁ፤ መላ አካሉን በተገኘው ቀዝቃዛ ውሃ ያርሱ፤ ያራግቡለት። በረዶ ወይም ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ካለ በአንገቱ፣ በብብቱና በብሽሽቱ ያድርጉ። «ውሃው ብርድ ያስመታዋል» ብለው አይፍሩ። ራሱን ከሳተ በጎኑ ያስተኙት እንጂ በአፉ ምንም አይስጡ። ለአምቡላንስ ወደ 907 ይደውሉ፤ በአዲስ አበባ ደግሞ 939 የአደጋ ጊዜ መስመር ነው። አምቡላንሱ እስኪደርስና በመንገድም ላይ ማቀዝቀዙን አያቋርጡ።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። በቆላ የሚመጣ ትኩሳት ሁሉ የፀሐይ አይደለም። ጋምቤላ፣ መተማና ሁመራ ወባ ያለባቸው አካባቢዎች ናቸው፤ በመተማና ሁመራ ካላዛርም አለ። ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ከያዘዎ «ሙቀቱ ነው» ብለው አይለፉት፤ ደምዎን ይመርመሩ። ወደ አዲስ አበባ ከተመለሱ ከሳምንታት በኋላ እንኳ ትኩሳት ቢጀምርዎ ቆላ ቆይተው እንደነበር ለሐኪሙ ይንገሩ። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ሕክምናውን ታቀናዋለች።

በመጨረሻም ለሁላችንም የቀረበ አንድ ተግባር አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ከመናኸሪያ ወደ ቆላ በሚወርድ አውቶቡስ ሲሳፈሩ ከጎንዎ ያለውን መስኮት ይክፈቱ። «ንፋስ ይመታናል» የሚል ቢኖር በትሕትና ያስረዱት። በሽሮ ሜዳ ጠዋት ልክ የነበረው ጥንቃቄ በአዋሽ ቀትር ላይ ልክ አይደለም። ከጎንዎ የተቀመጡት አዛውንት ወይም እናታቸው ያዘለቻቸው ሕፃን የሚያስፈልጋቸው ያ አየር ነው።